መልስ፦ የሜካኒካል ኪቦርዴን ሰርኪዩት ቦርድ ላስቀይር?

ወንድሜ፣ ሻይ ከፈሰሰበት ወዲህ አንድ ሙሉ ረድፍ አልሠራ እንዳለህና ቦርዱን ባሕር ዳር ማስቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። ይቻላል፤ ግን አትቸኩል።

ኪቦርድ ቁልፎቹን የሚያነበው በረድፍና በዓምድ ነው። ረድፉ በሙሉ አብሮ ከጠፋ ጥፋቱ የስዊቾቹ፣ ማለትም በየቁልፉ ሥር ያሉት መጫኛዎች፣ አይመስለኝም፤ በቦርዱ ላይ ያለች አንዲት ቀጭን የመዳብ መስመር በዝገት ተበልታ ሊሆን ይችላል። ከፍተህ በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ አጽዳው። በክረምት የጣና ዳር አየር እርጥበት አዘል ነውና በአንድ ሌሊት ደርቋል ብለህ አትመን። መስመሩ ተቆርጦ ከሆነ ስልክ የሚጠግን ጥሩ ባለሙያ በቀጭን ሽቦ ያገናኝልሃል፤ አዲስ ቦርድ ከማስመጣት በእጅጉ ይረክሳል።

መቀየሩ ግድ ከሆነ፣ ስዊቾቹ ያለ ብየዳ የሚነቀሉ ከሆኑ ሥራው ቀላል ነው። የተበየዱ ከሆኑ ግን እያንዳንዱ ስዊች በሁለት እግሩ ስለሚበየድ ባለ 87 ቁልፍ ኪቦርድ ከስዊቾቹ ብቻ 174 የብየዳ ነጥብ አለው። ሊዱን (የብየዳውን ብረት) አቅልጠህ በመምጠጫ በደንብ ሳታነሳ ስዊቹን አትጎትት፤ የስዊቹ እግር ይሰበራል።

አደራ የምልህ ይህን ነው፦ አዲሱን ቦርድ ምንም ሳትበይድበት ከኮምፒውተር ጋር አገናኝና የእያንዳንዱን ቁልፍ ሁለት ቀዳዳዎች በወረንጦ አነካካ። ፊደሉ ካልወጣ ቦርዱን መልስ። ደግሞም የስፔስንና የኢንተርን ቁልፍ የሚደግፉት ስታቢላይዘሮች ቦርዱ ላይ የሚታሰሩ ከሆኑ ከስዊቾቹ በፊት ግጠማቸው፤ ከረሳሃቸው በዙሪያቸው የበየድከውን ሁሉ እንደገና መንቀል ይሆንብሃል።