ታብሌቱን ከመንጠቃችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ካለው ከእናቴ ቤት ነው። ክረምቱ ገብቷል፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው መንጫጫት ሲጀምር ልጅም አዋቂም ከቤት አይወጣም። ለንደን 24 ዓመት ኖሬያለሁ፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ልጄን ይዤ እዚህ ነኝ። ዘንድሮ ልጆቻችሁን ለአያቶቻቸው ልታሳዩ ለምትመጡ ሁሉ የምለው ነገር አለኝ፦ ልጆቻችን በሚያዩት ፊልም የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ሲመጣ ስለምንላቸው ቃል ነው። አምና በዚህችው ሳሎን ውስጥ ያጠፋሁት ጥፋት ነው ያስተማረኝ።

ልጄ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። ፒያሳን ላሳየው ወስጄው፣ ያደግኩበት ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ሜዳ ሆኖ ስላገኘሁት ሆዴ ባብቶ ተመለስን፤ ዝናቡም ያዘን። እሱ ሶፋው ላይ ከአያቱ ጎን ተለጥፎ፣ ከለንደን ሲነሣ አውርዶ የመጣውን ዶክተር ሁ ከፈተ። እናቴ እንግሊዝኛ ባትሰማም ዓይኗን አትነቅልም፤ እሱ በሚያውቃት አማርኛ ይተረጉምላታል።

«እማማ፣ ይሄ ሰውዬ ሁለት ልብ አለው።»

«ሁለት ልብ መሆንማ ጥሩ አይደለም። ሰው ቁርጡን ማወቅ አለበት።»

«ኖ እማማ፣ በእውነት! አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚህ።» ደረቱን በቀኝም በግራም እየነካ አሳያት። እሷም መዳፏን ደረቱ ላይ አሳርፋ ትንሽ አዳመጠችና፣ «ያንተስ አንድ ነው፤ ተመስገን» አለችው።

ተከታታዩን ለማታውቁት፦ ዶክተር ሁ እንግሊዞች ከ1963 እ.ኤ.አ. (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ከዚህ በኋላ ያለው ዓመትም በዚሁ አቆጣጠር ነው) ጀምሮ ቅዳሜ ማታ ከነልጆቻቸው ተሰብስበው የሚያዩት የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። ዶክተሩ ከሌላ ዓለም የመጣ መንገደኛ ነው። መንኮራኩሩ ከውጭ ሲያዩዋት አንዲት ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን ናት፤ ሲገቡባት ግን አዳራሽ ታህላለች። ሊሞት ሲል መልኩ ይቀየርና ሌላ ተዋናይ ይተካዋል። በ1989 ተቋርጦ በ2005 እንደገና ተጀመረ።

ልጄ የወደደው ግን በሳጥኗ አይደለም። ያኔ ዶክተሩን የሚጫወተው ንኩቲ ጋትዋ ነበር። ኪጋሊ የተወለደ፣ በ1994ቱ የዘር ማጥፋት ቤተሰቡ ተሰዶ ስኮትላንድ ያደገ ልጅ ነው፤ ተከታታዩን በዋና ገጸ ባሕርይነት የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይም እሱ ነው። ልጄ መጀመሪያ ያየው ቀን፣ «እማ፣ አጎቴን አይመስልም?» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፤ ፈገግታው ወንድሜን ቁርጥ ነው። በክፍሉ ውስጥ ብቸኛው ሐበሻ የሆነ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ይህ ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ከአፍሪካ የተሰደደ ልጅ ዓለምን ሲያድን በዚያ የሰፈራቸው ሁሉ በሚያየው ፊልም አየ።

ያን ዕለት የከፈተው ክፍል በ1813 እንግሊዝ ውስጥ በአንድ የመኳንንት ድግስ ላይ የሚሆን ነው። እናቴ ልብሱን አይታ፣ «ሰርግ ነው? ሙሽራዋ የታለች?» ትላለች። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ስኒ ይዤ ስወጣ ዶክተሩና ሮግ የሚባል አንድ ወንድ ሲሳሳሙ ስክሪኑ ላይ አየሁ።

ስኒውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። ታብሌቱን ከእጁ መንጭቄ፣ «በቃ! ዝጋው!» ብዬ ጮህኩበት። በሕይወቱ እንዲህ ጮኼበት አላውቅም። ፊቱ አመድ መሰለ። ዞር ብዬ እናቴን ሳያት አማትባ ጨርሳለች፤ ሁሉንም አይታለች።

«ልጁ ምን አደረገና ነው እንዲህ የምታስደነግጪው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ አላየሽም እንዴ?»

«አየሁ። ደስም አላለኝ። ልጁ ግን ምን አደረገ?»

መልስ አልነበረኝም። ማታ ሳስተኛው በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ ነገር ሲከብደው አማርኛው ይጠፋዋል። ዶክተሩ ከእንግዲህ መጥፎ ሰው ነው ወይ አለኝ። ቀጠለናም፣ ይህ ነገር በአማርኛ ምን ይባላል አለኝ። እኔ አፌ ላይ የመጣልኝ፣ ልጅ ሳለሁ ሰፈር ውስጥ ድንጋይ ሲወረወር ስሰማው ያደግኩት ቃል ብቻ ነበር። ነገ እነግርሃለሁ ብዬ መብራቱን አጠፋሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ ልነግራችሁ የፈለግኩት ይህን ነው። ውጭ የተወለዱ ልጆቻችን ለዚህ ነገር የሚያውቁት የአማርኛ ቃል የላቸውም። የመጀመሪያውን ቃል የምትሰጧቸው እናንተ ናችሁ፤ ያ ቃል ስድብ ከሆነ የእናታቸው ቋንቋ ስድብ ሆኖ ይቀርባቸዋል፤ ቀጥሎ የሚከብዳቸውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ለሌላ ሰው ነው የሚነግሩት። እኔ በማግስቱ «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» ይባላል አልኩት። ረጅም ነው፤ የመጽሐፍ ቃልም ይመስላል፤ ግን አይሰድብም። ሌላውም ቃል እንዳለ፣ መንገድ ላይ ሊሰማው እንደሚችል፣ በእኛ ቤት ግን ሰው እንደማይጠራበት ነገርኩት።

ጉዳዩን ከናንተ የሚሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ስለ ቤተሰብና ስለ ሰዎች ግንኙነት የሚሰጠው ትምህርት ከመስከረም 2020 ጀምሮ በአንደኛ ደረጃም ግዴታ ነው፤ ወላጅ ከዚያ ክፍል ልጁን ማስቀረት አይችልም። የልጄ ጓደኛ ሁለት እናቶች አሉት። ልደቱ ላይ ተጠርተን ኬካቸውን በልተን መጥተናል። ታዲያ ቤታቸው ገብቼ የበላሁ ሰው፣ የዚያ ዓይነት ሰው ስክሪን ላይ ሲወጣ እሳት የነካኝ ያህል ስዘል ልጄ ምን ይበል?

«ልጆቻችንን ሊያበላሹ አሁን ያስገቡት ነው» የሚለውን ለንደንም ዋሽንግተንም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ሻይ ቤት እሰማለሁ። አሁን አይደለም። ዶክተር ሁን በ2005 የመለሰው ራስል ቲ ዴቪስ ራሱ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን ደብቆ የማያውቅ ደራሲ ነው። ወንድም ሴትም የሚያፈቅረው ካፒቴን ጃክ የገባው በዚያው ዓመት ነው። በ2017 የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ ቢል ፖትስ ሴቶችን የምታፈቅር ጥቁር ወጣት ነበረች። የአሜሪካኑ የጠፈር ተከታታይ ስታር ትሬክ ዲስከቨሪም በዚያው ዓመት ስታሜትስና ኩልበር የሚባሉ ሁለት ወንድ ፍቅረኞች ይዞ መጣ፤ አንዱ ሳይንቲስት፣ አንዱ ሐኪም። ትንንሾቹ የሚያዩት ካርቱንም አልቀረም፤ በስቲቨን ዩኒቨርስ ሩቢና ሳፋየር የሚባሉ በሴት መልክ የሚታዩ ሁለት ገጸ ባሕርያት በ2018 ተጋብተዋል። በ2023 ደግሞ ያስሚን ፊኒ የተባለች ትራንስጀንደር ተዋናይ (ስትወለድ ወንድ የተባለች፣ ሴት ሆና የምትኖር)፣ እንደ እሷው ትራንስጀንደር የሆነችውን ሮዝን፣ የዶክተሩን የቀድሞ የጉዞ ጓደኛ የዶና ኖብልን ልጅ ሆና ዶክተር ሁ ላይ ቀረበች። በዚያ ክፍል ለእኔ ትልቁ ነገር የሮዝ አያት ናት። በምን ስም፣ በምን ቃል እንደምትጠራት እየተጨነቀች፣ እንዳትሳሳት እየፈራች የምትወዳት አያት። እናቴን ነው ያየሁባት።

አንድ ታሪክ ልጨምር። ስታር ትሬክ በ1966 ሲጀምር ኒሼል ኒኮልስ የምትባል ጥቁር ተዋናይ የመንኮራኩር መኮንን ሆና ትሠራ ነበር። ልትለቅ ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ አግኝቷት፣ እሱና ባለቤቱ ልጆቻቸው አምሽተው እንዲያዩ የሚፈቅዱት ፊልም ያ ብቻ እንደሆነ ነግሮ እንዳስቀራት በሕይወቷ ሙሉ ትናገር ነበር። አባት ልጆቹ ራሳቸውን በነገው ዓለም ውስጥ እንዲያዩ ፈልጎ ነው። ሁለቱ ጉዳይ አንድ ነው ብዬ አልከራከራችሁም፤ ብዙዎቻችሁ እንደማትቀበሉት አውቃለሁ። እኔም የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ልጄ ሰንበት ትምህርት ቤት ይማራል፤ ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ጉዳይ ምን እንደምታስተምር ከእኔው አፍ ሰምቷል። ግን ልጄ በጋትዋ ፊት ላይ አጎቱን ባየ ጊዜ የተሰማው ደስታ፣ ሌላው ልጅ ደግሞ በዚያው ሰው ሌላውን ገጽታውን አይቶ ይሰማዋል። ያ ሌላ ልጅ የፈረንጅ ልጅ ብቻ አይምሰላችሁ። ከኛ ልጆች ጋር አብሮ ነጠላ ለብሶ የሚቆም ሊሆን ይችላል። የእናንተው ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ስጮህ አጠገባችን ቢሆን ኖሮ የሚሰማው እሱም ነበር።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ነው የምናገረው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት በአንድ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋ ግንኙነት በቀላል እስራት ያስቀጣል። ቢጫ ካርድም (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ሆነ የውጭ ፓስፖርት ከዚህ አያድንም፤ ሕጉ አገሩ ውስጥ ባለ ሰው ሁሉ ላይ ይሠራል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የከተማው የሰላምና ፀጥታ ቢሮ ይህ ይፈጸምባቸዋል በሚላቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታውቆ፣ ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ጠይቆ ነበር። ፊልም ማየት ወንጀል አይደለም፤ ሳሎናችሁ ውስጥ ልጁ ታብሌቱን ቢከፍት ማንም አይመጣበትም። ጎረምሳ ልጅ ያላችሁ ግን ይህን ከመነሣታችሁ በፊት፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሆን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው።

ቦርሳው ላይ ትምህርት ቤት የሰጡት፣ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ድጋፍ ምልክት የሆነ የቀስተ ደመና ባጅ ካለ እዚያው ይቅር። አያቱ ብታየው የኖኅን ቃል ኪዳን ነው የምታስበው፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጠው ወጣት ግን ሌላ ሊያስብ ይችላል። ባጁን ስታወልቁለት የምትሉትን ቃል ግን አስቡበት። «አሳፈርከኝ» እና «ሰው እንዳይጎዳህ ፈርቼ ነው» ለልጅ አንድ አይደሉም። ካፌ ውስጥም፣ ዘመድ በተሰበሰበበትም ልጁን «እስቲ ያንን ፊልም ተርጉምልን» እያላችሁ መሐል ላይ አታውጡት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጎቶቹ ሁሉ እያዩት በቅጡ በማያውቀው ቋንቋ የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም።

የመጨረሻው፣ እንቅልፍ የሚነሣኝ ነገር ነው። «ልጄ ተበላሸብኝ፤ አገር ቤት ልኬ ላስተካክለው» የሚሉ ወላጆች አሉ። አንዲት የማውቃት እናት የ16 ዓመት ልጇ ስልክ ላይ ያየችው ነገር አስደንግጧት፣ ለእረፍት ነው ብላ አምጥታ፣ ፓስፖርቱን ቆልፋ እዚህ ከዘመድ ጋር ትታው ተመለሰች። አንድ ዓመት ቆየ። ልጁ የሚነግረው ሰው አልነበረውም፤ በየቀኑ ቢያውቁብኝ እያለ በፍርሃት ነው የኖረው፤ የሚፈራውም ነገር ያለ ነገር ነው። ዛሬ ሌላ ከተማ ይኖራል። ለፋሲካም አይደውልላትም። እሷን ልፈርድባት አልችልም፤ ደግሜ ደጋግሜ አብሬያት አልቅሻለሁ። እናንተን ግን እለምናችኋለሁ፦ አገራችሁን የልጃችሁ መቀጫ አታድርጓት። ልጃችሁ የሚያስፈራችሁን ነገር ቢነግራችሁ፣ የምትመልሱት ቃል ባይኖራችሁ እንኳ «ነገ እናውራ» በሉትና ነገ አውሩ። እኔ ያን ማታ ያዳነኝ ይህ ብቻ ነው፤ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ታብሌቱንም መለስኩለት። ዶክተሩ መጥፎ ሰው ነው ወይ ላለኝም፣ ደፋር ነው፣ ሰው አይተውም፣ አጎትህንም ይመስላል አልኩት። የቤተ ክርስቲያኑን ሌላ ቀን፣ ሌላ ጊዜ ወስደን አወራን።

ዘንድሮ ልጄ 12 ሞልቶታል። ከመጣን ሦስተኛ ቀናችን ነው፤ ዛሬም ዝናብ ነው። እናቴ ምሳ ካነሣን በኋላ ሶፋው ላይ ቦታዋን ይዛ፣ «ያ ባለ ሁለት ልቡ ልጅ የት ደረሰ?» አለችው።

«እማማ፣ እሱ እኮ ተቀየረ።»

«ሞተ?» እጇ ጉልበቷ ላይ ቀረ።

«አልሞተም። መልኩ ብቻ ነው የተቀየረው።»

«ልቡስ?»

ልጄ ትንሽ አሰበና፣ «ልቡ ሁለት ነው፣ እንደ ድሮው» አላት። ከዚያ እግሩን አጥፎ አጠገቧ ተቀመጠና ታብሌቱን እሷ ጉልበት ላይ አስደግፎ ከፈተው።