የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፓምፑ ይሠራል፣ ውሃው ግን አይወጣም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። 5 ሜትር የፋይበር ግላስ ሞተር ጀልባ አለችኝ። ገላን ግቢዬ ውስጥ በተሳቢ ላይ አስቀምጣትና ቅዳሜና እሑድ ባቦጋያ ሐይቅ እወስዳታለሁ። ሆዷ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ እንዲያወጣ ሥሯ ላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ገዛሁ። ካርቶኑ በሰዓት 1,100 ጋሎን ይላል፤ ስለካው ግን 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት 36 ሰከንድ ፈጀ። የገጠምኩለት ጎማ 19 ሚሊሜትር፣ 4 ሜትር ነው። ሐይቁ ላይ ሳሳድራት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በራሱ ሲነሳና ሲጠፋ ባትሪውን ጨረሰው። አንድ መካኒክ «አየሩ ሳስቶ ነው» አለኝ። እውነት ነው?
(ከገላን)

መልስ፦ አየሩ አይደለም። ባቦጋያ ባለባት በቢሾፍቱ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ቢያንስም፣ የሚቸገረው ከላይ ተቀምጦ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ነው። የእርስዎ ውሃው ውስጥ ሆኖ የሚገፋ ነውና አይነካውም።

1,100 የአሜሪካ ጋሎን ወደ 4,160 ሊትር ነው። እርስዎ ያገኙት በሰዓት 2,000 ነው። የካርቶኑ ቁጥር ውሃው ሽቅብ ሳይገፋ የተለካ ስለሆነ፣ 1 ሜትር ሲያወጣ ሲሶውን ቢያጣ አይገርምም። ከግማሽ በላይ ሲጠፋ ግን ጥፋተኛው ጎማው ነው። የዚህ መጠን ፓምፕ አፉ አብዛኛውን ጊዜ 29 ሚሊሜትር ነው፤ በመቀነሻ ወደ 19 ማጥበብ ማነቅ ነው። ውስጡ ለስላሳ የሆነ 29 ሚሊሜትር ጎማ ይግዙ። ውስጡ የተሸበሸበው ርካሽ ነው፣ ውሃውን ግን ያንገራግጨዋል። ከፓምፑ እስከ መውጫው ያለማቋረጥ ሽቅብ ይሂድ፤ መሐል ላይ ከረገበ ውሃ ይተኛበትና አየር ይቆልፈዋል፣ ፓምፑም እየጮኸ ምንም አያወጣም። መውጫው ጀልባዋ ሰውና ዕቃ ጭና ከውሃው ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። ካነሰ ሐይቁ በዚያው ጎማ ተመልሶ ሊገባ ይችላል።

ሽቦውንም ይዩት። 4 አምፔር የሚወስድ ፓምፕ ባትሪው 5 ሜትር ርቆ በ0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከተሳበ 1 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። 2.5 ካሬ ይጠቀሙ፤ ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ ያድርጉ፣ መጠኑንም ከፓምፑ ላይ ያንብቡ። መጋጠሚያዎቹ ውሃ ከሚደርስበት በላይ ይሁኑ።

የሌሊቱ ጉዳይ ሌላ ነው። ፓምፑ ሲቆም ጎማው ውስጥ የቀረው ውሃ ይመለሳል። በእርስዎ ጎማ ከ1 ሊትር ትንሽ ይበልጣል። የጀልባዋ ሥር ጠባብ ስለሆነ ያቺ 1 ሊትር ውሃ ሲጨምር ፓምፑን የሚያስነሳውን ተንሳፋፊ ስዊች ለማንሳት ትበቃለች፤ እንዲህ እያለ ያነጋል። ጎማውን ሲያሰፉ ርዝመቱን ካላሳጠሩ የሚመለሰው ይብሳል። 29 ሚሊሜትሩ ከ1.5 ሜትር ካልበለጠ 1 ሊትር ብቻ ይይዛል። ስለዚህ መውጫውን ወደ ፓምፑ ያቅርቡ፤ ስዊቹንም 3 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይግጠሙት። ከፍ ሲል የሚቀረው ውሃ ሰፋ ባለው የሆዷ ክፍል ስለሚተኛ ተመላሹ ብዙ አያስነሳውም።

መካኒኮች ቶሎ የሚያመጡት መፍትሔ ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ) ነው። አንመክርም። ጭራሮ ሲገባበት ይጣበቃል፤ ደህና ሲሆንም ውሃውን ከላይ ይዞ አየሩን ከሥር ይቆልፋል።

አንድ ነገር ግን ይወቁ፦ ከውሃው 30 ሳንቲሜትር በታች ያለ 25 ሚሊሜትር ቀዳዳ በደቂቃ 40 ሊትር ያህል ያስገባል። አሁን ፓምፕዎ የሚያወጣው 33 ነው።

ጥያቄ፦ ክረምቱን ጀልባዬ ግቢ ውስጥ ተሳቢ ላይ ትቆማለች። ፓምፑ አውቶማቲክ ነውና የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዋን ውታፍ ዘግቼ ልተዋት?
(ከለገጣፎ)

መልስ፦ በፍጹም። 5 በ2 ሜትር የሆነች ጀልባ 10 ካሬ ሜትር ዝናብ ትቀበላለች። አንድ ቀን 40 ሚሊሜትር ከዘነበ 400 ሊትር፣ ማለትም 400 ኪሎ ተሳቢው ላይ ወጣ ማለት ነው። ባትሪ እየደከመ ሲሄድ ፓምፑም አብሮ ይተኛል። አፍንጫዋን ከፍ ያድርጉ፣ የኋላውን ውታፍ ይንቀሉ፣ ሸራውንም ውሃ እንዳያቁር አዘንብለው ይወጥሩ። ቀዳዳውን በየሳምንቱ ይዩት፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይደፍነዋል። ውታፉን ከሞተሩ ቁልፍ ጋር አስረው ያኑሩት፤ ሳይዘጉ ሐይቅ መግባት ከሚያስቡት በላይ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ከሆዷ የሚወጣው ውሃ ዘይት ይዟል። ሳሙና ላድርግበት?
(ከሰበታ)

መልስ፦ አያድርጉ። ሳሙና ዘይቱን ይበታትነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ባቦጋያም ሆነ ሆራ መፍሰሻ የሌላቸው የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ናቸው። የፓምፑን ስዊች ያጥፉ፣ ዘይቱን በጨርቅ ያንሱ፣ የቀረውን ጀሪካን ውስጥ ይቅዱ። ከዚያ የሚያንጠባጥበውን ቦታ ይፈልጉ፤ መጀመሪያ የነዳጅ ጎማውን ፋሼታዎች ይመልከቱ።