ወንድሜ ጣቶቹን በቺፕ ያንቀሳቅስ ይሆን?

ጥያቄ፦ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በፊት ግንባታ ላይ ሲሠራ ወድቆ አንገቱን ተጎዳ። ክርኑን ያጥፋል፣ የእጁን አንጓም ወደ ላይ ቀና ያደርጋል። ጣቶቹ ግን አይታዘዙለትም። በቅርቡ አንድ አሜሪካዊ ጭንቅላቱ ውስጥ በተተከለ ቺፕ እጁን ሲያንቀሳቅስ በቪዲዮ አየን። እናታችን «ቤቱን ሸጠን ውጭ እናሳክመው» ትላለች። ምን ይመክሩናል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቤቱን አትሽጡ።

ቪዲዮው እውነት ነው። ያያችሁት የኦሃዮውን ኢያን በርክሃርትን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ አሸዋ መትቶት አንገቱ ተሰበረ። ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። በ2014 አንጎሉ ላይ፣ እጅን በሚያዘው ቦታ፣ የአተር ፍሬ የምታክል ቺፕ ተተከለችለት። እጁን ለማንቀሳቀስ ሲያስብ ቺፗ ምልክቱን ትይዛለች፣ ኮምፒዩተር ይተረጉመዋል። ከዚያ ክንዱ ላይ የሚጠመጠም እጅጌ ጡንቻዎቹን በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ትእዛዙ የተጎዳውን ህብለ ሰረሰር ዞሮ እጁ ጋ ደረሰ ማለት ነው። ጠርሙስ አንስቶ ቀዳ።

ይህ ሁሉ የሆነው ግን ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ጭንቅላቱ ላይ ገመድ ተሰክቶ ነው። ቤቱ ሲመለስ እጁ እንደ በፊቱ ነበር። በ2021 ደግሞ ኢንፌክሽን ስለተፈጠረ ቺፗ ወጣች። ለእሱ የተተከለለት ለምርምር ነው፤ በገንዘብ የተገዛ ሕክምና አይደለም። «ክፈሉና እንተክልለታለን» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉበት።

የክሊቭላንዱን ቢል ኮቼቫርን ታሪክ ግን ለእናትሽ ንገሪያት። በብስክሌት አደጋ ሽባ ሆኖ ስምንት ዓመት ኖሯል። አንጎሉ ላይ ቺፕ፣ ክንዱ ውስጥ 36 ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ ወደ ጡንቻ የሚያደርሱ ቀጫጭን ሽቦዎች) ተተክሎለት ቡናውን በራሱ እጅ ጠጣ። ጡንቻዎቹ ግን ያለ ሥራ ከስተው ስለነበር ለወራት በኤሌክትሪክ ማሠራት አስፈልጓል። የደረቀ እጅ ቺፕም አያነቃውም። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ 22 ዓመት ሆኖኛል። ጣታቸው እንደ እንጨት ከደረቀ በኋላ የሚመጡ ልጆች ሳይ ሁሌም ያመኛል።

ወንድምሽ አንጓውን ቀና ማድረግ መቻሉ ትልቅ ሀብት ነው። አንጓው ቀና ሲል ጣቶቹ በራሳቸው ይታጠፋሉ፤ ሲወርድ ይከፈታሉ። እስኪ እጁን ያዥና እዪው። ይህ መያዣ ይሆናል። አንድ ታካሚዬ በዚህ ብቻ እንጀራ ቆርሶ ይጎርሳል። አምስት ወር ፈጅቶበታል።

ቤተሰብ በቅንነት የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። «እንዳይደርቅ» ብለው አንጓውንም ጣቶቹንም አንድ ላይ ወደ ኋላ ይዘረጋሉ። ጅማቱ ይላላና መያዣው ይጠፋል። ጣቶቹን የምትዘረጉት አንጓው ወደ ታች ሲታጠፍ ብቻ ይሁን። አንጓው ቀና ሲል ጣቶቹ ይታጠፉ። ከአልጋ ሲነሳም በተዘረጋ መዳፍ አይደገፍ፣ ጣቶቹን አጥፎ ይደገፍ። አቅራቢያችሁ ያለ ፊዚዮቴራፒስት አንድ ጊዜ በእጃችሁ እያስያዘ ያሳያችሁ፤ ከዚያ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ሥሩለት።

በባዶ የፕላስቲክ ኩባያ ጀምሩ። ሲለምድ ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩበት። ትኩስ ሻይ ግን አይሁን፤ ጣቶቹ ሙቀት ላይሰማቸው ስለሚችል ሳያውቀው ይቃጠላል።