ካናዳ አጃቢ ናት እንዴ?

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ተከራከርን። ጓደኛዬ «ስለ ዓለም ሰላም የሚወስኑት ኃያላኑ ናቸው፤ እንደ ካናዳ ያለው መካከለኛ አገር አጃቢ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ግማሹን ብቻ ነው ያወቀው። እ.ኤ.አ. በ1956 እስራኤል፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ በስዊዝ ካናል ጉዳይ ግብፅን ሲወጉ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጦር በመሃል ይግባ የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው የካናዳው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሌስተር ፒርሰን ነው፤ በዓመቱም የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰደ። የሚያስቀው ደግሞ፣ ግብፅ የካናዳን እግረኛ ጦር አልቀበልም አለች። የደንብ ልብሱም የጦሩ ስምም የብሪታንያን ይመስላላ! ፀረ ሰው ፈንጂን የሚያግደው ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ1997 ለፊርማ የቀረበው የካናዳ ዋና ከተማ ኦታዋ ላይ ነው። ዛሬ ግን ካናዳ የምትልከው ሰላም አስከባሪ ከድሮው ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በዚህ ጓደኛህ ቢያሾፍብህ መብቱ ነው።