መልስ፦ በክረምት ሐዋሳ ላይ ወፍ ይታያል ወይ?

ወንድሜ፣ «ክረምት ስለገባ ወፎቹ ሄደው ይሆን ወይስ ልምጣ?» ላልከው፣ ኧረ ና! የሚሄዱት የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ናቸው፤ የሐይቁ ነዋሪዎች ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው። በማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ውረድ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትራፊ ሲሻሙ አጠገብህ ድረስ ይመጣሉ። ጉሬዛም ዛፉ ላይ አይጠፋም፤ ምግብ ግን አትስጠው፣ አደራ።

እኔ ከሁሉ የምወደው ሸማኔ ወፍን ነው። ወንዱ ቢጫ ለብሶ ጎጆ የሚሠራው በዝናቡ ወቅት ነው። እርጥብ ሣር በምንቃሩ ሰንጥቆ፣ እያሾለከ ይቋጥረዋል። ሴቷ መጥታ ካልወደደችው አፍርሶ እንደገና ይጀምራል! ከሐይቁ ዳር ሆነህ ደግሞ ጥቁርና ነጩን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ጠብቀው፤ አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ ይቆምና ድንገት በአፍጢሙ ውሃው ውስጥ ይወረወራል። ጃንጥላ እንዳትረሳ፤ ያየኸውንም እዚሁ ጻፍልን።