384ን ለሁሉም አትቅዱ

ይድረስ ጅማ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለያዛችሁ ልጆቼ፣

ምዕራፍ ሦስት፣ ማለትም የጥናቱ ዘዴ (ሜቶዶሎጂ) ላይ ስትደርሱ ብዙዎቻችሁ የሲኒየር ጽሑፍ ትከፍቱና ርዕሱንና ቀበሌውን ብቻ ትቀይራላችሁ። ፈታኝ ሆኜ ስንቱን አይቻለሁ! ሜቶዶሎጂ ግን «ለዚህ ጥያቄ ለምን ይህን መንገድ መረጥክ?» ለሚለው የራሳችሁ መልስ ነው። መልሱ ደግሞ ከሙያ ሙያ ይለያያል።

384ን ውሰዱ፤ ስንት ሰው እንደሚጠየቅ የምትናገረው የናሙና መጠን ናት። የጤና ተማሪዎች በእንቅልፍ ልባችሁም ታውቋታላችሁ። ቀድሞ የተጠና ነገር ከሌለ የሚጠናው ነገር ስርጭት 50 በመቶ ነው ተብሎ ይያዛል። በ95 በመቶ መተማመኛና በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ ቀመሩ 384 ያወጣል። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 422 አካባቢ ይደርሳል። ከቤተሰቦች ስንት እጁ አጎበር ይጠቀማል ለሚል ጥያቄ ደህና ቁጥር ናት። ናሙናው በሰፈር በሰፈር ከተመረጠ ግን እሷም አትበቃም። ጎረቤታሞች ይመሳሰላሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ማለት አለበት።

ይህችኑ ቁጥር ይዛችሁ ስለ ጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ልትጠይቁ ቤተ መንግሥታቸው ወዳለበት ጅሬን ብትወጡስ? ንጉሡ የገዙት ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነው። 400 ሰው ቢያወራችሁ፣ ሁሉም ከአንድ ሽማግሌ የሰሙት ሊሆን ይችላል። የታሪክ ሰው የሚያጣራው ማን ከማን እንደሰማ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ወገን የተወለደና ቅድመ አያቱ ሂርማታ ገበያ ላይ በባርነት የተሸጠበት ሰው ያንን ዘመን አንድ ዓይነት አይተርኩትም። ሁለቱን ሳትሰሙ አትጻፉ።

የቡና ዝርያዎችን ማወዳደር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ተዳፋት መሬት ላይ አንዱን ዝርያ ከላይ፣ ሌላውን ከታች ብትተክሉ፣ የለካችሁት ዝርያውን ነው አፈሩን? ለዚህ ነው መሬቱ አፈራቸው በሚመሳሰል ቁራሾች (በብሎክ) ተከፍሎ እያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ሁሉም ዝርያ በዕጣ የሚገባው። ቡና ፍሬ ለመስጠት 3 ወይም 4 ዓመት ይፈጃል። ከዚያም አንዱን ዓመት አብዝቶ በቀጣዩ ይሰስታል። በአንድ ዓመት ምርት ብቻ «ይሄኛው ይበልጣል» ብትሉ የጎማ ወረዳ ገበሬ ይስቅባችኋል። የቡና ቀማሾች እንኳ ለአንድ ናሙና አምስት ስኒ የሚደረድሩት አንዲት የተበላሸች ፍሬ የትኛው ስኒ ውስጥ እንደምትገባ ስለማይታወቅ ነው።

እንግዲህ ዲፌንስ ላይ «ለምን 384?» ስትባሉ «ሲኒየሮቻችን እንዲህ ነው የሠሩት» እንዳትሉ፤ አደራ። ምዕራፍ ሦስትን ለአማካሪያችሁ ከመላካችሁ በፊት ሌላ ትምህርት ክፍል ላለ ጓደኛ አስነብቡት። «ለምን?» ባለበት ቦታ ሁሉ መልስ እስክታገኙ መጠይቁን አታባዙ።