ስለ ጋላክሲ ምስል ለምትጠይቁኝ ልጆች

«ጋሼ፣ የጋላክሲው ቀለም እውነት ነው ወይስ ሰው ቀብቶት ነው?» ስትል አንዲት ተማሪ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ምስሉ በየፖስተሩና በየደብተሩ ሽፋን ሲዞር፣ በየትኛው ማጣሪያ (የተወሰነ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፍ መስታወት) እንደተነሳ የሚናገረው መስመር ተቆርጦ ይቀራል፤ እኛ ባለሙያዎቹም ዝም ብለን ስናይ ኖረናል። እናንተም በሁለት ጎራ ተከፍላችሁ አደጋችሁ። አንዱ ቴሌስኮፑ እንደ ስልክ ካሜራ ቀለም የሚያነሳ ይመስለዋል፤ ሌላው ሁሉም የኮምፒውተር ፈጠራ ነው ይላል።

ሐብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ብርሃን መመርመሪያ ቀለም አያውቅም። እያንዳንዱ ፒክሰል የደረሰውን የብርሃን መጠን በቁጥር ይመዘግባል፣ በቃ። ቀለም የሚገኘው አንዱን የሰማይ ክፍል በተለያዩ ማጣሪያዎች ደጋግሞ በማንሳት ነው።

ይህን ሳስረዳ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1995 የተሠራው ሥራ ነው። በባልቲሞር የሚገኘው የስፔስ ቴሌስኮፕ ሳይንስ ተቋም ዳይሬክተር የነበረው ሮበርት ዊሊያምስ፣ በራሱ ውሳኔ ሊያዝበት የሚችለውን የቴሌስኮፕ ጊዜ ወስዶ ሐብልን በትልቁ ድብ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ባዶ ወደምትመስል ቁራጭ ሰማይ አዞረው። ብክነት ነው ያሉት ነበሩ። ቦታዋ ግን በደንብ ታስቦባት የተመረጠች ናት፤ ከራሳችን ጋላክሲ ከፍኖተ ሐሊብ ዝርግ የራቀች፣ ደማቅ ኮከብ የሌለባት፣ ደግሞም መሬት የማትጋርዳት። ሐብል መሬትን በ95 ደቂቃ ገደማ ስለሚዞር፣ አብዛኛው ዒላማ በየዙሩ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ከመሬት ጀርባ ይደበቃል፤ ይህችኛዋ ግን ሳትቋረጥ ትታያለች።

በ10 ተከታታይ ቀናት፣ በ150 ዙር፣ 342 ቀረጻዎች ተወሰዱ። ማጣሪያዎቹ 300፣ 450፣ 606 እና 814 ናኖሜትር አካባቢ ያሉ አራት ነበሩ። በመሬት ላይ የሚነጥረው የፀሐይ ብርሃን ወደ ቴሌስኮፑ በሚሾልክበት የዙሩ ክፍል ባለ 300ውን ማጣሪያ ተጠቀሙ፤ በአልትራቫዮሌት የሰማዩ ዳራ ደካማ ስለሆነ ያ ብርሃን እምብዛም አይጎዳውም። ጨለማው ለሦስቱ ተቆጠበ። እኔን የሚገርመኝ ከምስሉ ይልቅ ይህ ቁጠባ ነው።

ቀረጻው ለምን ያን ያህል ተቆራረጠ? በኮስሚክ ጨረር፣ ማለትም ከጠፈር በሚወረወሩ ፈጣን ቅንጣቶች ምክንያት። ጨረሩ መመርመሪያውን ሲመታ ኮከብ የሚመስል ነጭ ነጥብ ወይም ጭረት ይተዋል። በየቀረጻው የሚመታው ሌላ ቦታ ስለሆነ፣ ቀረጻዎቹ ሲደራረቡ በአንዱ ብቻ የታየው ይጣላል። በየመሃሉ ደግሞ ቴሌስኮፑን በጥቂቱ ያንሸራትቱት ነበር። የካሜራው ሦስት ሰፋፊ ቺፖች ፒክሰላቸው 0.1 አርክሰከንድ ነው (አንድ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ነው)፤ ባለ 2.4 ሜትሩ መስታወት ሊለይ ከሚችለው የሻከረ። አንድሩ ፍሩክተርና ሪቻርድ ሁክ ያበጁት ድሪዝል የተባለው ዘዴ የእያንዳንዱን ፒክሰል ብርሃን አጥብቦ ወደ ደቃቅ መረብ እንደ ካፊያ ያንጠባጥበዋል፤ ቀረጻዎቹ የተንሸራተቱ ስለሆኑ የጠፋው ዝርዝር ከፊሉ ይመለሳል። በዚያች ባዶ በተባለች ሰማይ ወደ 3,000 ገደማ ጋላክሲዎች ታዩ። ዳታውም ለማንም ሰው ወዲያው ተለቀቀ።

እናንተ ግን ስትለማመዱ ከዚያ አትጀምሩ፤ ኤም51 በተባለው ጠመዝማዛ ጋላክሲ ጀምሩ። ሐብል በጃንዋሪ 2005 በስድስት አቅጣጫ አንስቶት የተገጣጠመው ምስል 12,200 በ8,600 ፒክሰል ነው፤ በ32 ቢት ለአንዱ ማጣሪያ 420 ሜጋባይት ያህል ይመጣል፤ ማጣሪያዎቹ አራት ናቸው። የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ማስት ከሚባለው ማኅደር አውርዱት። ኮምፒውተራችሁ አቅም ካነሰው አራቱንም እኩል በግማሽ አሳንሷቸው።

የወረደውን ፊትስ የተባለ የሥነ ፈለክ ምስል ፋይል ስትከፍቱ ጥቁር ብቻ ታያላችሁ፤ አልተበላሸም። የጋላክሲው እምብርት ከክንዶቹ ጫፍ እጅግ ስለሚደምቅ ደብዛዛውን ክፍል መለጠጥ፣ ማለትም ድምቀቱን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በነፃ በሚገኘው ሲሪል የተባለ የምስል ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ውስጥ ያለው አሲንኽ የሚባለው ስሌት እምብርቱን ሳያቃጥል ደብዛዛውን ያወጣል። ሰማዩን ፍጹም ጥቁር አታድርጉት፤ ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ባለው የድምቀት መለኪያ ከ10 እስከ 20 ላይ ተዉት። አለበለዚያ በጎረቤቱ ጋላክሲ ዙሪያ የተበተነው ስስ የኮከብ ብርሃን አብሮ ይቆረጣል።

ከዚያ ጂምፕ በተባለው የምስል ማረሚያ ፕሮግራም ባለ 435 ናኖሜትሩን ማጣሪያ ሰማያዊ፣ 555ን አረንጓዴ፣ 814ን ቀይ አድርጉ፤ አጭሩ ሞገድ ወደ ሰማያዊ፣ ረጅሙ ወደ ቀይ። አራተኛው 658 የሃይድሮጂን ብርሃን ነው፤ በዚያው የሞገድ ርዝመት የሚገባ የኮከብ ብርሃንም ስላለበት ከ814ው ጥቂት ቀንሱለትና በስሱ ጨምሩት። ካበዛችሁት ጋላክሲው ሁሉ ሮዝ ይሆናል። ከየኮከቡ በአንድ ወገን ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ካያችሁ ምስሎቹ በትክክል አልተነባበሩም። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣብ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ከተደረደረ ደግሞ ኤም51ን ባነሳው ሌላ ካሜራ ሁለት ቺፖች መሃል ያለው ክፍተት ነው፤ እዚያ የተደራረበው ቀረጻ ትንሽ ስለሆነ ኮስሚክ ጨረሩ በደንብ አልጸዳም።

ወደ ጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ ምስሎች ስትሻገሩ የማጣሪያው ቁጥር እንዳያታልላችሁ። ኤፍ444ደብሊው የተባለው ማጣሪያ 444 ናኖሜትር አይደለም፤ 4.44 ማይክሮሜትር ነው፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ። እዚህ ላይ ቀለሙ የተመደበ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። የአጭር ሞገዱ ፒክሰል 0.031፣ የረጅሙ 0.063 አርክሰከንድ ስለሆነ ከማነባበራችሁ በፊት የረጅሙን ሁለት እጥፍ አሳድጉ።

አሁን የዘመኑ ልጆች አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ በኤአይ «ማጥራት» ትወዳላችሁ። እኔ አልወደውም፤ ያልነበረ ኮከብ ይፈጥራል፣ የአቧራውን ክር ገመድ ያደርገዋል። እርግጥ በዌብ ምስል ላይ ብርሃኑ ከመመርመሪያው አቅም በላይ ሲሆን በደማቅ ኮከብ እምብርት ላይ የሚቀረውን ጥቁር ባዶ ነጥብ እኔም በእጄ እሞላለሁ። ያስ ፈጠራ አይደለም ወይ ብትሉኝ፣ ነው፤ ብቻ የት የት እንደነካሁ እጽፋለሁ።

ሥራችሁን እስከ መጨረሻው ቲፍ በተባለው የምስል ፋይል ዓይነት በ16 ቢት አስቀምጡ። ጄፔግ ለአንድ ቀለም 256 እርከን ብቻ ስላለው፣ ቀድማችሁ ከቀየራችሁና እንደገና ከለጠጣችሁት የጋላክሲው ስስ ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይሰነጣጠቃል።